ሚስተር ብራንች ሪኪ፥ ቡቃያውን አይተው አዝመራውን የሚገምቱት

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ ቲፎዞዎች በየዓመቱ የሚሟገቱበት አንድ ትልቅ ጉዳይ አላቸው። ሙግቱ ትናንት ስለ ተደረገው ግጥሚያ ወይም ነገ ስለሚደረገው አይደለም፤ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በኮሌጅ ስላሉ፥ አብዛኛው ሕዝብ በዓይኑ አይቷቸው ስለማያውቅ ወጣቶች ነው። ክለቦቹ ተራ በተራ እየተጠሩ ከነዚህ ወጣቶች መካከል የሚፈልጉትን የሚመርጡበት ቀን አለ። ያ ቀን ከመድረሱ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ የየክለቡ ወዳጅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ክንዱ ብርቱ የሆነው የ18 ዓመት ልጅ እንዲወሰድ ይፈልጋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ልጁ እስኪደርስ ድረስ ማን ይጠብቃል በሚል ሐሳብ ኮሌጅ ገብቶ የበሰለው መቺ ይሻላል ባይ ነው። ያላዩትን ልጅ እንዳሳደጉት ያህል ሲከራከሩለት መስማት የሚያስገርም ነው።

ይህ የተራ ምርጫ ድራፍት ይባላል። የተጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን። በዚያው ዓመት በ83 ዓመት ዕድሜያቸው ያረፉ አንድ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውም ዌስሊ ብራንች ሪኪ ይባላል። ቲፎዞው በዓመት አንድ ጊዜ የሚጨነቅበትን ጥያቄ፥ ይኸውም ወጣቱን ዛሬ አይቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የመገመትን ጥያቄ፥ እኒህ ሰው ግማሽ ምዕት ዓመት ሙሉ የዕለት እንጀራቸው አድርገውት ኖሩ።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው አንድ ቃል እንበል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ አንባቢያችን ዱላና ኳስ ሲባል ኳሷ በመሬት ላይ ስትነዳ ይታየው ይሆናል። በቤዝቦል ግን አንዱ ወርዋሪ ኳሷን በኀይል ይወረውራል፤ የባላጋራው መቺ በዱላ ይመታታል፤ መትቶም ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሁለተኛው፥ ከዚያም ወደ ሦስተኛው እየሮጠ ተመልሶ ወደ ተነሣበት ይገባል። ከመቺው በስተኋላ ቁጢጥ ብሎ ያመለጠችውን ኳስ የሚቀልብ አንድ ሰው አለ። ቀላቢው ክንዱ ደካማ እንደ ሆነ የባላጋራው ሯጮች ወርዋሪው ሲዘጋጅ ጠብቀው ማዕዘን ይሰርቁበታል።

ሚስተር ሪኪ በዲሴምበር 20 ቀን 1881 ዓ.ም. በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በገጠር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ የሜቶዲስት ገበሬዎች ነበሩ። በጎልማሳነታቸው መጀመሪያ በገጠር ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከዚያም ኦሃዮ ዌስሊያን ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ለትምህርታቸውም የሚሆነውን ገንዘብ በኳስ ጨዋታ ያገኙ ነበር። እሑድ ቀን እንዳይጫወቱ ለእናታቸው ቃል መግባታቸው ይነገራል። በ1904 ዓ.ም. የሲንሲናቲ ክለብ ወስዷቸው ሳለ በሰንበት አልጫወትም ስላሉ አንድ ግጥሚያ እንኳ ሳይሰለፉ አሰናበታቸው።

በኋላ በሴንት ሉዊስና በኒው ዮርክ ክለቦች በቀላቢነት ተሰለፉ። በጁን 28 ቀን 1907 ዓ.ም. ክንዳቸው ታምሞ ሳለ ወደ ሜዳ ገብተው የዋሽንግተን ሯጮች በአንድ ግጥሚያ 13 ማዕዘን ሰረቁባቸው። የሌላውን ሰው ክንድ በመመዘን ስማቸው የሚጠራው ሰው የራሳቸው ክንድ በመዝገብ የተጻፈለት እንዲህ ሆኖ ነው። በተጫዋችነታቸው ከዚህ በላይ የሚነገር ብዙ ነገር የለም።

ከዚያ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። ሳራናክ ሌክ በሚባለው ስፍራ በሆስፒታል ተኝተው ከዳኑ በኋላ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1911 ዓ.ም. ተመረቁ፤ እግረ መንገዳቸውንም የዩኒቨርሲቲውን የቤዝቦል ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። በአይዳሆ ክፍለ ሀገር የጥብቅና ቢሮ ከፍተው ነበር፤ ዳሩ ግን ባለ ጉዳይ ስላጡ ተመለሱ። ለሕግ ጉዳት ለኳስ ጥቅም ሆነ ማለት ነው።

በሚሺጋን ሳሉ ጆርጅ ሲስለር የሚባል የኦሃዮ ተወላጅ ተማሪ ሊፈተን መጣ። ወጣቱ በግራ እጁ የሚወረውር ነበረና ሌላ ሰው ቢሆን ወርዋሪ አድርጎ በተወው ነበር። ሲስለር በልጅነቱ አባቱ ሳይፈቅድ በፈረመው ውል ምክንያት ፒትስበርግ የእኔ ነው ብሎ ቢከራከርም ክርክሩ ለወጣቱ ተፈረደ። በ1915 ዓ.ም. ሪኪ ወደሚመሩት ወደ ሴንት ሉዊስ ብራውንስ መጣ፤ ትንሽ ከወረወረም በኋላ በመቺነቱ በየቀኑ እንዲሰለፍ ተደረገ። ይህ ሰው በ1920 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 257 ጊዜ በትክክል መትቶ ያቆመው ክብረ ወሰን ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ በ2004 ዓ.ም. እስኪሰብረው ድረስ 84 ዓመት ቆየ።

ሚስተር ሪኪ በ1917 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ወዳለው ወደ ሁለተኛው ክለብ፥ ወደ ካርዲናልስ ተዛወሩ። የክለቡ ድህነት ለወሬ ይበቃ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቢሮው ባዶ እንዳይመስል ሪኪ ከቤታቸው ምንጣፍ አምጥተው ያነጥፉ እንደ ነበር ይተረካል። ከድህነቱም የባሰ ሌላ ችግር ነበር። ሪኪ በትንንሾቹ ሊጎች አንድ ጥሩ ወጣት አይተው ዋጋውን በጠየቁ ቁጥር የወጣቱ ክለብ ባለቤት ለሀብታሞቹ ክለቦች ይናገራል፤ እነርሱም ሪኪ የፈለጉት ልጅ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም ብለው በላዩ ላይ ዋጋ ጨምረው ይወስዱታል። ስለዚህ ዓይናቸው ለራሳቸው ሳይሆን ለባላጋሮቻቸው ትሠራ ነበር።

መድኀኒቱን ያገኙት በገጠር እንዳደገ ሰው ነው። የደረሰ ሰብል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ራሱ ይዘራል። ክለቡ አሮጌ ሜዳውን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ ባገኘ ጊዜ በሂዩስተን፥ በፎርት ስሚዝና በሲራኪዩስ ካሉት ትንንሽ ክለቦች ድርሻ መግዛት ጀመሩ። ከዚያም በየክፍለ ሀገሩ የፈተና ቀን እያስነገሩ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ በነጻ ያዩ ጀመር። በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ቁጥር በጀርባቸው ለጥፈው ይሮጣሉ፥ ይወረውራሉ፥ ይመታሉ። ሪኪ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ሩጫውን ነበር፤ ፈጣን እግር ሲያጠቁም ሲከላከሉም ይጠቅማልና። ጥሩ መስሎ የታየው በትንሽ ገንዘብ ይፈርምና ወደ ታችኛው ክለብ ይላካል፤ በዚያ ከበረታ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ካልበረታ ይሰናበታል። አሜሪካኖች ይህን አሠራር የእርሻ ስልት ብለው ጠሩት።

ስልቱ የቆመው በአንድ ቀላል እምነት ላይ ነው። የሰው ዓይን ይሳሳታልና አንዱን ልጅ በትክክል ለማግኘት ብዙዎችን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ዛሬ የሚሟገቱት ቲፎዞዎች ክለባቸው በመጀመሪያው ዙር አንዱን ልጅ ቢስት ሰማይ የተደፋ ይመስላቸዋል፤ ሪኪ ግን ብዙዎቹ እንደሚከስሙ አስቀድመው አውቀው ይዘሩ ነበር። በስልቱ ከፍተኛ ዘመን ካርዲናልስ 32 ያህል ክለቦችና ከ600 የሚበልጡ ተጫዋቾች በእጁ ነበሩት።

ሪኪ ራሳቸው ቡድኑን በሜዳ ላይ ከ1919 እስከ 1925 ዓ.ም. ሲመሩ ዋንጫ አላገኙም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሰጡት ትምህርት ለተጫዋቾቹ ይከብዳቸው ነበር ይባላል። አሠልጣኝነቱ ለሌላ ተሰጥቶ እርሳቸው ወደ ቢሮው ሲመለሱ ግን እርሻው ፍሬ ሰጠ፤ በ1926 ዓ.ም. ካርዲናልስ ቤብ ሩት የነበረበትን የኒው ዮርክ ያንኪስን አሸንፎ የመጨረሻውን ዋንጫ ወሰደ። በ1931፥ በ1934ና በ1942 ዓ.ም. ደግሞ ደገመው።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ስታን ሙዚያል ነበር። በ1938 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ሲፈርም የተፈለገው ለወርዋሪነት ነው። በ1940 ዓ.ም. ኳስ ሊቀልብ ሲወድቅ ትከሻው ተጎዳ፤ የተመረጠበት ክንድ በዚያው ቀረ። እርሻው ግን ሰፊ ስለ ነበረ ልጁ ሳይባረር መቺ ሆነ፤ ሰባት ጊዜ የሊጉ አንደኛ መቺ ተብሎ 3,630 ጊዜ በትክክል መታ። ለአንድ ነገር ተመርጦ ለሌላ ነገር መብቃት በቤዝቦል ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ቢቆጠር ተከራካሪዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ይሁን እንጂ የእርሻው ሌላ ገጽታ አለ፤ እሱን መዝለል አንወድም። በዚያ ዘመን አንድ ጊዜ የፈረመ ተጫዋች ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካላሰናበተው በቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። በላይ ባለው ቡድን ቦታ ከሌለ፥ ለሌላ ክለብ ይበቃ የነበረው ልጅ በታችኛው ሊግ ወጣትነቱን ይጨርሳል። ደመወዙም ትንሽ ነበር። ሪኪ በበኩላቸው ከሚሸጠው ተጫዋች ዋጋ ድርሻ ነበራቸው፤ ስለዚህ ልጅ በበዛ ቁጥር ይጠቀሙ ነበር። የቤዝቦል የበላይ ሹም የነበሩት ዳኛ ላንዲስ በ1938 ዓ.ም. ከካርዲናልስ ልጆች ከ70 የሚበልጡትን ከውላቸው ነጻ አወጡ። በእኛ አስተያየት ዳኛው ልክ ነበሩ።

ዓይናቸውም ሆነ ቦርሳቸው የሳተበት ጊዜ አለ። በ1942 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ በአንድ መንገድ ላይ ያደጉ ሁለት ቀላቢዎች፥ ጆ ጋራጂዮላና ዮጊ ቤራ፥ ለካርዲናልስ ተፈተኑ። ለጋራጂዮላ 500 ዶላር ተሰጠው። ቤራም ለጓደኛው የተሰጠውን ያህል ጠየቀ፤ አልሰጡትም። ያንኪስ 500 ዶላሩን ከፍሎ ወሰደው፤ ቤራም ከያንኪስ ጋር አሥር ጊዜ የመጨረሻውን ዋንጫ በላ። እንግዲህ ቲፎዞው ይህን ያህል ቢሳሳት ምን ይፈረድበታል!

በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ሪኪ ወደ ብሩክሊን ዶጀርስ ሄዱ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና ሌሎቹ ክለቦች ወጣት መመልመሉን ቀነሱ፤ ልጁ ሁሉ ወደ ጦር ሠራዊት የሚገባ ከሆነ ምን ይጠቅማል ብለው ነው። ሪኪ ግን ጦርነት ያልቃል፥ ልጆቹም ይመለሳሉ በማለት ምልመላውን አበዙት። ጊል ሆጅስንና ዱክ ስናይደርን በ1943 ዓ.ም. ያገኟቸው በዚህ ዓይነት ነው።

በዚያን ጊዜ ሁሉም ክለቦች እያዩ የማያዩት ሌላ ሰፊ ማሳ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከታላቁ ሊግ ታግደው በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር። ሪኪ ገና ወጣት አሠልጣኝ ሳሉ ቻርልስ ቶማስ የሚባለውን ጥቁር ተጫዋቻቸውን በሳውዝ ቤንድ ከተማ አንድ ሆቴል አላሳድርም ብሎት በእርሳቸው ክፍል እንዳሳደሩት፥ ወጣቱም ሌሊቱን የእጁን ቆዳ እያሸ እንዳለቀሰ ራሳቸው ደጋግመው ይተርኩ ነበር። ይህ ትዝታ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ እናምናለን። ይሁንና ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ። ዌንደል ስሚዝና ሳም ሌሲን የመሰሉ ጥቁር ጋዜጠኞች ብዙ ዓመት ጽፈዋል፤ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገርም በ1945 ዓ.ም. በሥራ ቅጥር ላይ የዘር ልዩነትን የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ሪኪም ማንም ያልነካው ችሎታ በዚያ እንዳለ፥ ጥቁሩም ተመልካች ገንዘቡን ይዞ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ጽድቁና ሒሳቡ በአንድ ሰው ልብ አብረው መኖራቸውን መካድ አያስፈልግም።

የሪኪ መልማዮች ለጥቁሮች የተለየ አዲስ ክለብ ሊቋቋም ነው እየተባለ በየሜዳው ዞሩ። ከሁሉ የላቀውን ተጫዋች ብቻ አልፈለጉም። የሚፈለገው ሰው በሚሰደብበትና ኳስ በራሱ ላይ በሚወረወርበት ጊዜ የሚታገሥ፥ ነገር ግን ፈሪ ያልሆነ መሆን ነበረበት። ጃኪ ሮቢንሰን የ26 ዓመት ሰው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በጦር ሠራዊት መኮንን ሳለ በአውቶቡስ ወደ ኋላ እንዲቀመጥ ቢታዘዝ እንቢ በማለቱ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ ነጻ ወጥቷል። ሌላ መራጭ ይህን መዝገብ አይቶ ያስቸግራል ብሎ ይተወው ነበር። ሪኪ ግን በዚያው መዝገብ ውስጥ የሚፈልጉትን አዩ።

በኦገስት 28 ቀን 1945 ዓ.ም. ክላይድ ሱክፎርዝ የሚባሉት መልማይ ሮቢንሰንን ወደ ሪኪ ቢሮ አመጡት። ሦስት ሰዓት ያህል በወሰደው ንግግር ሪኪ ከወንበራቸው እየተነሡ አንድ ጊዜ እንግዳ የማይቀበለውን የሆቴል ጸሐፊ፥ አንድ ጊዜ ተሳዳቢውን ተጫዋች እየሆኑ ፊት ለፊቱ ተንጨረጨሩበት። ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ነው። ሮቢንሰንም ለስድብ መልስ ላለመስጠት ተስማማ። በወር 600 ዶላር ደመወዝና 3,500 ዶላር ጉርሻ ተቆርጦለት በ1946 ዓ.ም. ለሞንትሪያል ተጫወተ፤ በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ዓ.ም. በብሩክሊን ሜዳ ገብቶ እገዳውን አፈረሰ። በዚያው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች አንደኛ፥ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ሮይ ካምፓኔላና ዶን ኒውኮምብ ተከትለውት መጡ።

ስለዚህ ሥራ ሪኪ ሲመሰገኑ መኖራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሮቢንሰን ይጫወትበት ለነበረው ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ አንድ ዶላር እንኳ አልከፈሉም፤ ኒውኮምብን ሲወስዱም የኒውአርክ ክለብ ባለቤት ወይዘሮ ኤፋ ማንሊ አጥብቀው ተቆጥተዋል። የጥቁሮቹ ሊጎች ምርጥ ልጆቻቸውን እያጡ ጥቂት ዓመት ቆይተው ጠፉ። ከሌላው ሰው ማሳ ያጨደ ዋጋውን ሊከፍል ይገባው ነበር እንላለን።

ከብሩክሊን በ1950 ዓ.ም. ወጥተው ወደ ፒትስበርግ ሄዱ፤ ከዚያም የከፋ ነገር አገኛቸው። በ1952 ዓ.ም. ቡድናቸው ከ154 ግጥሚያ 112ቱን ተሸነፈ። ሕዝቡ የሚወደውን ራልፍ ካይነርን ሸጡበት፤ በምትኩ የማያውቃቸውን ልጆች አመጡለት። እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ወጡ። በዚያን ጊዜ ግን መጨረሻ የወጣ ክለብ አንድ መብት ነበረው፤ በትንንሾቹ ሊጎች ሳይጠበቁ ከቀሩት ተጫዋቾች መካከል በመጀመሪያ እርሱ ይመርጣል።

ብሩክሊን ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ለሚባል የፖርቶ ሪኮ ወጣት 10 ሺህ ዶላር ጉርሻ ሰጥቶት ነበር። ደንቡ ግን ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ጉርሻ የተቀበለ ልጅ በላይኛው ቡድን ካልተያዘ ሌላ ክለብ ሊመርጠው ይችላል የሚል ነበር። ብሩክሊን ልጁን ወደ ሞንትሪያል ላከውና እምብዛም አያሰልፈውም ነበር። ሱክፎርዝ ከሪኪ ጋር ወደ ፒትስበርግ መጥተው ስለ ነበረ ሌላ ወርዋሪ ለማየት ሄደው ሳለ ይህ ልጅ በልምምድ ጊዜ ኳስ ሲወረውር አዩት፤ የሄዱበትንም ጉዳይ ረሱት። በኖቬምበር 1954 ዓ.ም. ፒትስበርግ በመጀመሪያ ተራው 4 ሺህ ዶላር ከፍሎ ክሌሜንቴን ወሰደው። ሪኪ ከሥራ አስኪያጅነቱ ከወረዱ አምስት ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም. ፒትስበርግ የመጨረሻውን ዋንጫ በላ። ክሌሜንቴ 3 ሺህ ጊዜ በትክክል ከመታ በኋላ በዲሴምበር 31 ቀን 1972 ዓ.ም. ለኒካራጓ የምድር መናወጥ ተጎጂዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አይሮፕላኑ ወድቆ ሞተ።

ሪኪ በስተርጅና ሦስተኛ ታላቅ ሊግ ለማቋቋም ሞክረው ነበር፤ አንድ ግጥሚያ ሳይደረግ በ1960 ዓ.ም. ፈረሰ። ዳሩ ግን ነባሮቹ ሊጎች ፈርተው አዳዲስ ክለቦችን እንዲቀበሉ አስገደዳቸው።

በዚህ መካከል የወጣቶች ጉርሻ ከልክ አለፈ። በ1964 ዓ.ም. አንድ የኮሌጅ ተማሪ 200 ሺህ ዶላር ያህል ስለ ተቀበለ የክለቦቹ ባለቤቶች ደነገጡና ድራፍትን አወጡ። ከጁን 8 ቀን 1965 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቱን ሁሉ የሚወስደው ሀብታሙ ወይም መልማይ የበዛለት ክለብ መሆኑ ቀረ፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው በመጀመሪያ መረጠ። ሪኪ በፒትስበርግ ክሌሜንቴን ያገኙበት መብት ለሁሉም ወጣት ተዘረጋ፤ በሴንት ሉዊስ የሠሩት ሰፊ እርሻ ግን በዚያ ቀን አበቃ። ቲፎዞው የሚከራከርበት ነገር አገኘ፤ ወጣቱ ግን ለየትኛው ክለብ እንደሚጫወት የመምረጥ ዕድሉን አጣ።

በመጀመሪያው ድራፍት አንደኛ የተጠራው ሪክ መንደይ ጥሩ ተጫዋች ወጣው። ሆኖም ከዘመኑ ቀላቢዎች ሁሉ የሚበልጠው ጆኒ ቤንች የተጠራው 36ኛ ነው፤ ኖላን ራያን የሚባለው፥ በወርዋሪነት 5,714 መቺዎችን ዱላቸውን ታቅፈው የመለሰው ሰው፥ 295ኛ ነበር።

ሚስተር ሪኪ በኖቬምበር 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ከሆስፒታል ወጥተው ኮሎምቢያ ወደምትባለው የሚዙሪ ከተማ ሄዱ፤ በክፍለ ሀገሩ የስፖርተኞች የክብር መዝገብ ሊገቡ ነው። ንግግር ሲያደርጉ በመካከሉ ወደቁ፤ ራሳቸውን እንደ ሳቱ ቆይተው በዲሴምበር 9 ቀን ዐረፉ፤ ባደጉበትም በኦሃዮ ገጠር ተቀበሩ። በ1967 ዓ.ም. የቤዝቦል የክብር ቤት ስማቸውን መዘገበ።

ድራፍቱ ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ከጁን ወደ ጁላይ ተዛውሯል፤ ሙግቱም አብሮት ተዛወረ። በ1999 ዓ.ም. የሪኪ የቀድሞ ክለብ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ መጥቶ በሚዙሪ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ይማር የነበረውን አልበርት ፑሆልስን በ13ኛው ዙር መረጠ። በ2022 ዓ.ም. ጨዋታ ሲያቆም 703 ጊዜ ከሜዳው አውጥቶ መትቶ ነበር። በተጠራ ጊዜ ግን 401 ወጣቶች ቀድመውት ተጠርተዋል።